ሎሚና የጉሬዛዎቹ ዱር

ሎሚ ዛፍ ትወጣለች። ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ልንገራችሁ፤ በእኛ በቤንች አገር ሴት ልጅ ዛፍ አትወጣማ! ቀፎ መስቀል የወንድ ሥራ ነው። ሴት በሰቀለችው ቀፎ ንብ አይገባም ይባል ነበር። ማነው ያለው? እንጃ! ሲባል ሰምቶ ይለዋል እንጂ ሞክሮ ያየ አንድም ሰው የለም። የሎሚ ቀፎዎች ጢም ብለው ማር ሲሞሉ ደግሞ ያው አፈኛ ሁሉ "ወንዳወንድ ስለሆነች ነው" ብሎ ነገሩን አዞረው። ማሯን ይዛ ሚዛን ተፈሪ ገበያ ስትወጣ ግን ቀድመው የሚከቧትና "እስቲ አቅምሺን" የሚሏት እነዚያው ሰዎች ናቸው። እሷም ታቀምሳቸዋለች። "በሴት እጅ የተሰቀለ ነው፤ እንዳያንቃችሁ" እያለች ነው ታዲያ።

ዛፍ መውጣት ያስተማሯት አባቷ ናቸው። ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። የሎሚ እናት እሷን ስትወልድ ሞተች፤ አባትየው ጨቅላዋን ታቅፈው በር ላይ ቆመው ቀሩ። ያሳደጓት የመንደሩ ሴቶች ናቸው። ዛሬ አንዷ ጡት ላይ፣ ነገ ሌላዋ ጀርባ ላይ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ የሌላዋ ጭን ላይ እያለች ዳኸች፤ ቆመች፤ ሮጠች። ከሁሉ አብልጠው ያጠቧት እማማ በየነች ነበሩ፤ ያኔ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ ወጣት አራስ ናቸው። ሎሚ ነፍስ ስታውቅ "እናቴ ማን ናት?" ብላ ብትጠይቅ፣ አባቷ እጇን ይዘው ወደ ዱሩ ወሰዷትና ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ።

"እዚያ ላይ ያለው ነጭ ይታይሻል?" አሏት።

ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ ነው። ትልቁ ጉሬዛ ጥቁር ሆኖ ከትከሻው እስከ ወገቡ ነጭ ጸጉር እንደ ካባ ይወርድለታል፤ ጅራቱም ጫፉ ላይ ነጭ ጭራ አለው። ሕፃኑ ግን ከአናቱ እስከ ጅራቱ ጥጥ ነው። ያን ጥጥ ያየች እንስት ጉሬዛ ሁሉ ልታቅፈው ትሽቀዳደማለች። አንዷ ትቀበላለች፣ ሌላዋ ትነጥቃለች፤ እናቲቱ ቅጠሏን በልታ ጋደም እስክትል ልጁ ከጭን ጭን ሲዞር ይውላል። ወራት አልፈው ጥቁሩ ጸጉር ብቅ ብቅ ሲል ያኔ ነው ልጅ አደገ የሚባለው። ሳይጠቁር የሚሞተው ብዙ ነውና፤ ንስር አለ፣ ብርድ አለ፣ ከዛፍ መውደቅ አለ። የሎሚ አባት "ጠቆረ" ካሉ "ዳነ" ማለታቸው ነው።

"አንቺንም እንዲህ ነው ያሳደጉሽ" አሏት። "እናትሽ የዚህ መንደር ሴት ሁሉ ናት።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ሎሚ ዘንድ በጉሬዛ ቀልድ የለም።

ዱሩ ያለው ከመንደራቸው በላይ፣ ከሚዛን ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ጉብታ ላይ ነው። የመጠበቁ ኃላፊነት ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ የሎሚ ቤተሰብ ነው። በዚያ ዱር ዛፍ አይቆረጥም፤ ጉሬዛ አይነካም። አባቷ በሕይወት ሳሉ ከትልቁ የቀረሮ ዛፍ ሥር መሥዋዕት ያቀርቡ ነበር። ሎሚ ግን ጴንጤ ሆነችና መሥዋዕቱን ተወች፤ ጥበቃውን አልተወችም። የጸሎት ቤቷ ሽማግሌዎች "ይሄ ነገር የጣዖት ርዝራዥ እንዳይሆን" ብለው ቢጠይቋት "ለዛፉ አልሰግድም፤ ግን እግዚአብሔር የፈጠረውን ብጠብቅለት ይከፋዋል?" አለቻቸው። በኋላ አብዮቱ መጥቶ ጸሎት ቤቱ ሲታሸግ ሎሚ ገመዷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ገተም ዛፍ ላይ ወጥታ መጸለይ ጀመረች። "እስቲ ይሄንን መጥተው ያሽጉት!" ትል ነበር።

ያኔ ጉሬዛ ብርቅ አልነበረም። ከወንዙ ማዶ ያለው ጫካ ሁሉ ጠዋት ጠዋት አውራዎቹ ሲያጓሩበት አገሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዱ ጉብታ ላይ ያለው ሲጀምር የሌላው ይቀበላል፣ ያኛው ሲያበቃ የወዲያኛው ይቀጥላል። መጀመሪያ የቆዳ ነጋዴዎች መጡ። ከዚያ የመንግሥት ቡና እርሻ መጣና ማዶውን ገነደሰው። ቡና መትከሉን ማን ጠላ? ቡና እኮ በዛፍ ጥላ ሥርም ይበቅላል፤ ከጥንት ጀምሮ የበቀለው እዚያው አይደል እንዴ! እነሱ ግን ጥርግ አድርገው ነው ያወረዱት። ጉሬዛ መሬት ላይ መሄድ ይፈራል፤ ከዛፍ ዛፍ ነው መንገዱ። መንገዱ ሲቆረጥ የቀረው ዛፍ ላይ ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ቅጠሉን ጨረሰ። ከዚያ ምን ይሆናል? አለቀ። ማዶው ጸጥ አለ። የቀረው የሎሚ ዱር ያለው መንጋ ብቻ ነው፤ አንድ አውራ፣ ጥቂት እንስቶችና ልጆቻቸው። ጠዋት አውራው ሲያጓራ የሚመልስለት የለም።

የመንደሩ ትምህርት ቤት መምህር ኢሳይያስ የአማን ከተማ ልጅ ነው፤ እሁድ እሁድ ጉሬዛዎቹን ለማየት ይመጣል። አንድ ቀን እጁን እያገላበጠ፣ "እትዬ ሎሚ፣ አውራ ጣት እንደሌለው አይተሻል?" አላት።

"አላይም እንዴ! ትንሽ ጉጥ ብቻ ናት ያለችው።"

"ቅድመ አያቶቹ ነበራቸው ይባላል። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲወረወሩ አራቱ ጣት እንደ መንጠቆ በቃቸው፤ አውራ ጣት እንቅፋት ሆነ። ስንትና ስንት ሺህ ትውልድ እያጠረ መጥቶ እንዲህ ሆነ። ሆዱም እንደዚያው ነው፤ እንደ ላም ሆድ ክፍል ክፍል አለው። ሌላው ዝንጀሮ የማይችለውን ቅጠል የሚፈጨው ለዚያ ነው። ይሄ ሁሉ በአንድ ቀን አልመጣም።"

ሎሚ አሰብ አደረገች። "እግዚአብሔር ሲሠራ አይቸኩልም ነው የምትለኝ?"

ኢሳይያስ ሳቀ። "እንደዚያ ብትይውም ያስኬዳል። ለመሠራት ያን ያህል ዘመን የፈጀው ለመጥፋት ግን አንድ ክረምት ይበቃዋል። ከዚህ ዱር ከጠፋ ደግሞ ከየትም አይመጣም። በየት በኩል ይመጣል? ዙሪያው እርሻ ነው።"

"አይጠፋም" አለች ሎሚ።

"እንዴት?"

"አይጠፋም አልኩህ!" ብላ ተቆጣች፤ እሱ ያጠፋው ይመስል።

እንግዲህ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት ክረምት ነው። አብዮቱ በመስከረም አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር አገሩ ሁሉ በቀይ ቀለም ተጥለቅልቋል። ከአውራጃ የመጣ ጓድ በላይነህ የሚባል ካድሬ የገበሬ ማኅበሩን ሰብስቦ፣ ለበዓሉ ከላይ ለሚመጡት እንግዶች የአካባቢው ሕዝብ ስጦታ እንደሚሰጥ ተናገረ። ስጦታው ምን መሰላችሁ? የጉሬዛ ምንጣፍ! ትልቅ ምንጣፍ፣ መሐሉ ላይ በነጩ ጸጉር ኮከብ የተሠራበት። "ሰፊዎቹ ተዘጋጅተዋል፤ የጎደለው ቆዳ ነው። ዱሩም እናንተው ጋ አለ" አለ።

ሎሚ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አለች። "ምንጣፉ ስንት ጉሬዛ ይፈጃል?"

"ያለው ሁሉ ይበቃዋል" አለ በላይነህ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ምን?"

"ከዚያ በሚቀጥለው በዓል ምን ልትሰጡ ነው? የእኛን ቆዳ?"

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ ወዲያው ደግሞ ደንግጦ አፉን ያዘ። በላይነህ ፊቱ በርበሬ መሰለ። "ይቺ ሴትዮ ማን ናት?" ብሎ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረ።

ሊቀ መንበሩ ተረፈ የእማማ በየነች የመጨረሻ ልጅ ነው። ሎሚ አዝላ ያሳደገችው፣ ጀርባዋ ላይ የሸናባት ተረፈ! አሁን ሽጉጥ ታጥቆ "ጓድ ሊቀ መንበር" ይባላል። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ ፈሪ ነው። ወንበር ላይ የተቀመጠ ፈሪ ደግሞ ከክፉ ሰው ብዙም አይሻልም፤ እኔ እንዲያ ነው የማየው። "ተዋት ጓድ፣ የማር ነጋዴ ናት፤ አፏ እንጂ ልቧ ደህና ነው" ብሎ አሳለፈው። ቀጥሎም ስለ አደኑ ተናገረ። በጥይት የተበሳ ቆዳ ምንጣፍ አይሆንም፤ ስለዚህ የመንደሩ ወንዶች ሁሉ መጥረቢያ ይዘው ይመጣሉ፤ ከዳር ጀምረው ዛፎቹን እየቆረጡ ጉሬዛዎቹን አንድ ዛፍ ላይ ብቻ ያስቀሯቸዋል። መሄጃ ሲያጡ ያንን ዛፍ መጣል ነው፤ ከወደቁ በኋላ በዱላ።

እዚህ ላይ ተረፈ አንድ ነገር ጨመረ። ያንን ነገር የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው የሚለው። "በዱሩ ውስጥ ቀፎ የሰቀለ ሰው ካለ ከመጪው ቅዳሜ በፊት ያውርድ።"

ለበላይነህ ተራ ማስታወቂያ ነው፤ ራሱን እንኳ ቀና አላደረገም። ለመንደሩ ሰው ግን ሕግ ነው። የሰው ቀፎ የተሰቀለበትን ዛፍ ማንም አይቆርጥም። ቀፎውንም ከባለቤቱ በቀር ማንም አያወርደውም። የሌላውን የቀፎ ዛፍ የቆረጠ ሰው ቤት ከነልጆቹ እንዳቃጠለ ይቆጠራል፤ እሳት የሚያበድረው የለም፣ ሲሞትም የሚቀብረው አይገኝም። ቀፎው ንብ ይግባበት አይግባበት ለውጥ የለውም። ከተሰቀለ ተሰቀለ ነው፤ ንብ እስኪመጣ ይጠበቃል። ተረፈ ይህንን ስለሚያውቅ ነው ደግ የሠራ መስሎት ያሳሰበው። ሎሚ ግን ይህን ስትሰማ ቀና አለች። ቤቷ እስክትደርስ እየሮጠች ነበር ማለት ይቻላል።

ያሏትን ትርፍ ቀፎዎች አንድ በአንድ አወጣቻቸው። እዚያ ዱር ውስጥ የነበሩት ጥቂት ቀፎዎቿ ገተሞቹ ላይ ናቸው፤ እሷ ያሰበችው ዳር ዳሩን ነው። ዝናቡ እንደሆነ የነሐሴ ዝናብ ነው፤ ግንዱ ሁሉ ያሟልጫል። አንዱን ዋንዛ ላይ ሰቀለች፤ ሁለተኛውን አጠገቡ ካለው ቀረሮ ላይ። የመንደሩ ወንዶች ከመንገድ ዳር ቆመው "ሎሚ አበደች" አሉ። "በዚህ ዝናብ የምን ንብ ይገባልሻል?" ብሎ አንዱ ጮኸባት።

"ንቡን እኔ ልለምነው፤ አንተ መጥረቢያህን ሳል!" ብላ ከላይ መለሰችለት።

ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። ሳቁ ቆመ። ወንዶቹም አንገታቸውን ደፍተው ተበተኑ።

ግን የእሷ ቀፎ የት ይደርሳል? ዱሩን ግማሽ እንኳ ሳትዞር አለቀባት። ያን ቀን ከዛፍ ወርዳ ጭቃ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ሎሚ ስታለቅስ ያያት ሰው ጥቂት ነው፤ ያዩዋት እማማ በየነች ነበሩ። ቀፎ ራሳቸው ላይ ተሸክመው ጉብታውን እያለከለኩ ይወጡ ነበር። የሞተ ባላቸው ቀፎ ነው፤ ሽፋኑ ላይ የባለቤቱ ምልክት፣ በጋለ ብረት የተተኮሰ ድርብ መስቀለኛ መስመር አለበት። ባልየው ከሞቱ ጀምሮ ጓሮ ቆሞ ዶሮ እንቁላል ሲጥልበት ነበር የኖረው።

"ምን ያነፋርቅሻል?" አሏት። "ተነሺ! ይሄንን ከመግቢያው ላይ ካለው ዛፍ ስቀዪልኝ። ሁሉም እንዲያየው አድርጊ።"

"እማማ፣ ተረፈ እኮ ነው አደኑን የሚመራው። ልጅዎን..."

"ልጄን እኔ ነኝ የማውቀው! አንቺንም ያጠባሁሽ እኔ ነኝ። ያኔ ጡቴን ስሰጥሽ የማን ልጅ ናት ብዬ ጠየቅኩ? ስቀዪ ብዬሻለሁ።"

ሎሚ ሰቀለችው።

የእማማ በየነች ቀፎ መሰቀሉ እንደተሰማ ሌላው ሰው ነፍስ ዘራ። መጀመሪያ ላይ ዓይን ያወጣ ነገር አልነበረም፤ አንዱ ከብት ሊፈልግ መስሎ መጣ፣ ሌላው ቅጠል ሊቆርጥ መስሎ መጣ፤ ሲሄዱ ግን ዛፉ ላይ ቀፎ አለ። መንገድ ዳር ቆመው የነበሩት እነዚያ አንገት ደፊዎች እንኳ መጡ። ጓሮ የተጣለ፣ ጎኑ የተሰነጠቀ፣ ምስጥ የበላው ቀፎ ሁሉ ዛፍ ላይ ወጣ። መምህር ኢሳይያስ ሳይቀር ከአንድ ተማሪ አባት የለመነውን ቀፎ በትከሻው ተሸክሞ፣ መነጽሩ በዝናብ ታውሮ፣ እየተንሸራተተ ደረሰ። "መውጣት አልችልም፤ ስቀዪልኝ" አላት። "ምልክትህ ምንድን ነው?" ስትለው ሲያስብ ቆየና በጋለ ሽቦ አራት ጣት ሳለበት። አውራ ጣት የሌለው እጅ ነው። ሎሚ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ቅዳሜ ደረሰ። ጓድ በላይነህ ጠመንጃ ከያዙ ሰዎች ጋር በመኪና መጣ። ወንዶቹም እንደታዘዙት መጥረቢያቸውን ይዘው ወጡ። ሎሚ ከመግቢያው ዛፍ ሥር ቆማ ነበር፤ ገመዷን ትከሻዋ ላይ አድርጋለች፤ ምንም አልያዘችም። እላይ ጉሬዛዎቹ ከዝናቡ በኋላ የወጣችውን ፀሐይ ይሞቃሉ። በዚያ ሰሞን የተወለደ ነጭ ሕፃን አለ፤ አንዷ እንስት ታቅፋ ትልሰዋለች፣ እናቲቱ ራቅ ብላ ቅጠል ትሸመጥጣለች።

"ጀምሩ!" አለ በላይነህ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ወንዶቹ ወደ ላይ አንጋጠጡ። ዱሩ ዙሪያውን ቀፎ ነው።

"ምን ትጠብቃላችሁ? ቁረጡ እንጂ!"

"ቀፎ አለበት ጓድ" አለ አንድ ሽማግሌ።

"ታዲያ አውርዱታ!"

"የእኔ አይደለም። ባለቤቱ ነው የሚያወርደው።"

"ባለቤቱ ማነው?"

ሁሉም የሌላውን ዛፍ ያያል። ሎሚ ከት ብላ ሳቀች። "ሁላችንም ነን ጓድ። የትኛውን ልጥራልህ?"

"ባዶ ቀፎ ነው! በዓይኔ እያየሁት ባዶ ነው!"

"ንብ ይመጣበታል" አለች። "አንተ ትቸኩላለህ እንጂ እኛ አንቸኩልም።"

በላይነህ ካጠገቡ ከነበረው ሰው እጅ መጥረቢያ ነጥቆ ራሱ ወደ መግቢያው ዛፍ ሄደ። ሎሚን በክንዱ ገፍቶ ጣላት። መጥረቢያውን ሲያነሳ ግን ፊት ለፊቱ ተረፈ ተገተረ። ሊቀ መንበሩ ፊቱ አመድ ሆኗል። እላይ ያለውን ምልክት አይቷል። ድርብ መስቀለኛ መስመር። ልጅ ሆኖ ብረቱን ሲያግሉ ያራገበው እሱ ነው።

"ዞር በል ጓድ ተረፈ!"

"አልልም" አለ ተረፈ፤ ድምፁ ተቆራረጠ። "ይሄ የአባቴ ቀፎ ነው።"

"አባትህ ሞቷል!"

"ሞቷል። ቀፎው ግን የሱ ነው። ከቆረጥከው መጀመሪያ እኔን ቁረጠኝ።"

እሰይ! አላልኳችሁም? ፈሪ ነው ብያለሁ፤ አልዋሸሁም። እየተንቀጠቀጠ ነው የተናገረው። ግን ተናገረ። እናቱ ከሴቶቹ መሐል ሆነው በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ያዩታል። ወንዶቹ ደግሞ አንድ በአንድ መጥረቢያቸውን ሣሩ ላይ አስቀመጡ።

በላይነህ በንዴት ጦፈ። የመጣበት ነገር እንደማይሆን ገባው፤ ምንጣፉ ቀረ፣ ሰዉ ሁሉ እያየው ነው፤ ያማረኝን ባላገኝም ይሄን አደርጋለሁ ያለ ይመስል ከአንዱ ዘብ ጠመንጃ ቀማና ወደ ላይ ተኮሰ። ጉሬዛዎቹ በአንዴ ተበትነው ወደ ዱሩ ልብ ተወረወሩ። አንዷ ቀረች። ቅጠል ትበላ የነበረችው እናት ናት። መሬት ግን አልወደቀችም፤ ቀረሮው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

ሎሚ ጮኸች። የእናት ሞት የተነገራት ይመስል ደረቷን መታች። ቀና ስትል ግን ነጩን አየችው። የሞተችው ላይ አልነበረም። ያቺ ስትልሰው የነበረችው እንስት ሆዷ ላይ ለጥፋው ስትዘል፣ ጥጥ የመሰለ ነገር ከቅጠሉ ውስጥ ሲገባ አየችው። ከዚያ ወዲያ ዓይኗ አልያዘውም።

"አውርዷት!" አለ በላይነህ። "ቢያንስ ይቺን ቆዳ ይዤ እሄዳለሁ።"

ማንም አልወጣም። የሎሚ ቀፎ ያለበት ዛፍ ነው፤ ማን ይወጣል? ዘቦቹ ለመውጣት ሞክረው ግንዱ አሟለጫቸው። ቆዳዋ እዚያው ዝናብ መታው፤ ለማንም ምንጣፍ አልሆነም።

ሎሚንና ተረፈን በመኪናው ጭነው ወሰዷቸው። ክሱ ፀረ አብዮት የሚል ነው። መኪናው ሲነሳ ሎሚ "ቀፎዬን ማንም እንዳይነካ!" ብላ ጮኸች። አልተነካም። በዓሉ በመስከረም ተከበረ፤ ለእንግዶቹ ምን እንደተሰጣቸው አላውቅም። ጉሬዛ እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ።

እስር ቤት ውስጥ ሎሚን ጠየቋት፤ ማን አሳደመሽ፣ ጴንጤዎቹ ናቸው ወይ፣ መምህሩ ነው ወይ። "ራሴ ነኝ፤ ዛፍ መውጣት ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ እሱም ሞቷል፣ ሄዳችሁ እሰሩት" አለቻቸው። መቷት። ዳግመኛ ጠየቋት፤ ያንኑ መለሰች። ዱላው አልከበዳትም ማለቴ አይደለም፤ ወገቧ እስከ ዛሬ አልተስተካከለም። ግን የሚያስጨንቃት እሱ አልነበረም። ነጩ ነበር። ወተቱን ማን ይሰጠዋል? ያቺ ያቀፈችው ጡት አላት ወይ? እናት የሌለው ልጅ ብርዱን ይችለዋል? አብረዋት የታሰሩት ሴቶች ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩ እሷም ስለ እሱ ታወራለች፤ "ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነው?" ሲሏት "ገና ነጭ ነው" ትላቸዋለች። ጤናዋን ተጠራጠሩ።

መንገዱ በክረምቱ ጭቃ ተበላሽቶ፣ ጠያቂም ተከልክሎ ስለነበር ወሬ የሚያመጣላት አልነበረም። መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ፤ ታኅሣሥ ላይ ጠያቂ ተፈቀደ። እማማ በየነች በእግራቸው መጡ። አንድ ቅርጫት ውስጥ ሁለት ጥቅል አለ፤ አንዱ የልጃቸው፣ አንዱ የሎሚ፤ ጎደሬና ቆጮ ነው። ሴቶቹንና ወንዶቹን የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ነው፤ ተረፈ ከወዲያ ማዶ ሆኖ የእናቱን ድምፅ ሰምቶ ጆሮውን ለጥፏል። ዘቡ ምግቡን በእንጨት እየወጋ ይፈትሻል።

እማማ በየነች ሎሚን ሲያዩ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። "ልጄን፣ ምን አደረጉሽ! እንዲህ ከስተሽ..."

"እማማ፣ ይተዉት እሱን" አለች ሎሚ። የሽቦውን በር በሁለት እጇ ይዛለች። "ነጩስ?"

ዘቡ ቀና አለ። "የምን ነጭ?"

እማማ በየነች እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ያ ድሮ የምታውቀው ተንኮለኛ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ መጣ።

"ጠቆረ" አሉ።

ሎሚ ቃሉን የሰማችው አልመሰላትም። "ምን አሉኝ?"

"ጠቁሯል ልጄ! ትናንት በዓይኔ አይቼው መጣሁ። ትከሻው ጠቁሯል፣ ጀርባው ጠቁሯል። ሁሉም እየተቀባበሉ ነው ያሳደጉት።"

ሎሚ በሩን ለቀቀችና ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። "ጠቆረ!" ብላ ጮኸች፤ ግቢው በሙሉ ሰማ። "ጠቆረላችሁ! ሰማህ ተረፈ? ጠቆረ!"

ከቆርቆሮው ማዶ ተረፈ አጥሩን በቡጢው ይደበድብ ጀመር። "ሰማሁ እትዬ! ሰማሁ!"

"ምንድን ነው የጠቆረው? ማነው የጠቆረው?" እያለ ዘቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ዞረ። ሎሚ ጎደሬዋን ተቀብላ መሬት ላይ ቁጭ አለችና፣ ከታሰረች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግባ በላች።